ጀልባ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች

ባስ የሚባለውን ዓሣ ማጥናት የጀመርኩት ልበላው ብዬ አልነበረም። ልጅቷን ላገባ ብዬ ነው።

የተዋወቅነው ቶሮንቶ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ የአዳራሽ ወንበር ስናጣጥፍ ነበር። እሷ ከወላጆቿ ጋር ስካርቦሮ ትኖራለች። እኔ ብዙ አልናገርም፤ ስለዚህ የእኔንም ድርሻ እሷ ታወራልኛለች። ካወራችልኝ ሁሉ የሚበዛው ስለ አባቷ ነበር።

«አባቴን ማነጋገር ቀላል ነው» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ስለ ባስ እስካወራህ ድረስ።»

«ሌላ ነገር ባወራስ?»

«አይሰማህም።»

ያን ጊዜ መሃል ከተማ፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ባለች ጠባብ ኪዮስክ እሠራ ነበር። ጠዋትና ማታ ግርግር ነው፤ መሃሉ ባዶ። ያንን ባዶ ሰዓት ከላይብረሪ በማወጣቸው የዓሣ መጻሕፍትና መጽሔቶች ሞላሁት። እንግሊዝኛም ሆነ የራዲዮ ጥገና የተማርኩት እንደዚሁ ለብቻዬ ነው። ዘዴዬ አንድ ናት፤ ያልገባኝን ገጽ ሳልረዳ አላልፍም።

የጸደይ ባስ የሚፈልገው ከጎረቤቱ ትንሽ ሞቅ ያለ ውሃ ነው። በረዶው እንደቀለጠ ጥልቅ ቦታ ተኝቶ ይቆያል። ፀሐይ ስትበረታ ወደ ዳር ይወጣል፤ ዳር ሁሉ ግን እኩል አይሞቅም። በሰሜን በኩል ያለው የሐይቅ ዳርቻ ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ካለ ሙቀቱን ይይዛል። ነፋስ ደግሞ ላይ ላዩን የሞቀውን ውሃ እየገፋ ወደ አንድ ዳር ያከማቸዋል። እዚያ ወንዱ በጅራቱ መሬቱን ጠርጎ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ ጠባቂው እሱ ነው። ያን ሰሞን መንጠቆ የሚነክሰው ርቦት ሳይሆን ተናዶ ነው። ማንም ወደ ጎጆው እንዲጠጋ አይፈልግም።

ይህን ሳነብ ስለ ዓሣ ሳይሆን ስለ አባቷ የተጻፈ መሰለኝ።

በኛ በኩል ባስ ማጥመድ የሚፈቀደው ከጁን መጨረሻ ጀምሮ ነው። ማየት ግን አይከለከልም። ስለዚህ ሜይን በሙሉ፣ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር፣ ቴርሞሜትር በሲባጎ አስሬ በአውቶቡስ የሚደረስበትን የውሃ ዳር ሁሉ ስለካ ከረምኩ። ጠዋት እለካለሁ፤ ከሰዓት እዚያው ቦታ ተመልሼ እለካለሁ። አከራዬ ማታ ስመለስ ቴርሞሜትሩን ከኪሴ ሲያይ፣

«ሐይቁ እንዴት ዋለ? ትኩሳቱ በረደለት?» ይለኛል።

አከራዬ ታክሲ ነጂ ነው፤ ኖርዝ ዮርክ ካለው ቤቱ ቤዝመንቱን አከራይቶኛል። እኔ እዚህ አገር ዘመድ ስለሌለኝ ሽማግሌ ሁነህ ሂድልኝ ያልኩት እሱን ነው። ነገሩን ከእኔ በላይ የራሱ አደረገው። ሙሉ ልብስ ወደ ላውንደሪ ላከ፤ ብቻዬን አልሄድም ብሎም አንድ የተከበሩ አዛውንት ለመነልኝ። አዛውንቱ ልጆቻቸው ዘንድ ከመጡ ገና ብዙ አልሆናቸውም። ጥቂት ይናገራሉ፤ የተናገሩትን ግን እምቢ ያለ ሰው የለም ይባል ነበር።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሁለቱ በመጀመሪያው እሑድ ስካርቦሮ ሄደው ሳሎኑ መሃል ቆሙ። እናቷ ቁጭ በሉ ብለው ቢለምኑ አልተቀመጡም።

«እኔ ብቻዬን ምን እመልሳለሁ?» አሉ እናቷ። «እሳቸው ሐይቅ ሄደዋል።»

በሁለተኛውም እሑድ ሐይቅ ሄደዋል። ሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አካባቢ ካለ መጋዘን የማታ ሺፍት ገብተው ቀን ይተኛሉ።

«ሰውዬው ነገሩን አውቀውታል» አለ አከራዬ ቆሞ የዋለ እግሩን እያሸ። «ሆን ብለው ነው የሚሸሹን። ያ ባስህ የሚከፈተው መቼ ነው?»

«የፊታችን ቅዳሜ።»

«በቃ፣ ቅዳሜ ሐይቁ ላይ እንይዛቸዋለን።»

«ሐይቁ እኮ ትልቅ ነው። የሚያጠምዱበትን ቦታ ለቤተሰባቸውም አይናገሩም።»

«ታዲያ አንተ እስከዛሬ ምን ስታነብ ነው የከረምከው?»

ባስን የማግኘት ዘዴ ባስ ፈላጊንም ለማግኘት ይሠራ እንደሆነ አስቤ አላውቅም ነበር። ነገሩ ሲገባኝ ግን ፈራሁ። እኚህን ሰው ያገኘኋቸው እንደሆነ መልሱ በዚያው ቀን ይሰማል። እምቢ ካሉ እሷ ከአባቷ ቃል አትወጣም፤ አውቃታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በታክሲው ከከተማ ወደ ሰሜን ወጣን። የጀልባ ኪራዩ ቤት የሐይቁን ካርታ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። እፊቱ ቆምኩ። ጸደዩ የዘገየበት ዓመት ስለነበር ውሃው በጁን መጨረሻም ገና የሜይን ጠባይ አለቀቀም። ሳምንቱን የነፈሰው የደቡብ ነፋስ ነው፤ ስለዚህ ሞቃቱ ውሃ ሰሜን ዳር ተከማችቷል። በዚያ ዳር ሦስት ገባ ገባ ያሉ ቦታዎች አሉ። አንዱ አሸዋማ ነው፤ አንዱ ወንዝ ይገባበታል፤ የወንዝ ውሃ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ሦስተኛው ጠባብ፣ ጭቃማ፣ ፊላ የበዛበት ነው። እሱ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

አሁን ሌላ ችግር መጣ። «ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም» አሉ አዛውንቱ።

«እውነት ነው። ታክሲ የነዳ ሰው ጀልባ አያቅተውም» አለ አከራዬና ገመዱን ስቦ ሞተሩን አስነሳ። ጀልባዋ ወደፊት ትሄዳለች ስንል ወደ ኋላ ተፈናጥራ ጀልባ የሚታሰርበትን የእንጨት መድረክ ገጨች።

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና ፈረዱ። «ልጁ ይምጣ። ግን የለም።»

እንደዚህ ሆኜ፣ ሳልኖር፣ ከኋላ ሞተሩ ጋ ተቀመጥኩ። አዛውንቱ ሙሉ ልብስና ከረባት፣ በዚያ ላይ ነጠላ፣ በነጠላው ላይ ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት አድርገዋል። ጀልባዋ አሉሚኒየም ስለሆነች ማዕበሉ በመታት ቁጥር እንደ ጉርድ በርሜል ትጮሃለች። አዛውንቱም በየጩኸቱ ያማትባሉ።

ወደ ገባ ያለው ቦታ ስንቃረብ ሞተሩን አጥፍቼ መቅዘፊያ አነሳሁ፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሞተር ዓሣ ያስበረግጋል። ፊላውን እንደዞርን ውሃ ውስጥ የወደቀ ትልቅ ዛፍ ታየ፤ ከዛፉ ወዲህ አንዲት ጀልባ፤ በጀልባዋ ላይ ጀርባቸውን የሰጡን ቡናማ ኮፍያ ያደረጉ ሰው።

«እሳቸው ናቸው!» አለ አከራዬ፣ ከመንገድ ማዶ ተሳፋሪ እንደሚጠራ።

አባቷ ዞሩ። መጀመሪያ የተቆጡት በጩኸቱ ነበር። ከዚያ ነጠላውን አዩ፤ ከረባቱን አዩ።

«የጌታ ያለህ! እዚህም?»

«እንደምን ዋሉ?» አሉ አዛውንቱ።

«ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ ዓሣ አለ።»

ቀዝፌ አጠገባቸው ሳደርሰን አዛውንቱ ላይፍ ጃኬታቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። ጀልባዋ ዘመም አለች።

«ኧረ ቁጭ ይበሉ አባቴ!»

«ጉዳይ አለን።»

«ጉዳዩን ተቀምጠው ይንገሩኝ፤ ይሰምጣሉ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

አከራዬም አዛውንቱን ብቻቸውን ማቆም ነውር መስሎት ተነሳ። ጀልባዋ በሌላው በኩል ዘመመች። አባቷ የማጥመጃ ዘንጋቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው የጀልባችንን ከንፈር ጨምድደው ያዙ።

«ቤት ኑ! ቤት ሆነን እንነጋገር!»

«ቤት ሁለት ጊዜ መጣን» አለ አከራዬ።

«ሦስተኛ ኑ!»

«ሦስተኛው ይሄ ነው።»

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው። ልጃችን ጨዋ ነው፤ ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ምላሱ አጭር ነው።»

«ልጁ የታለ?»

«የለም» አሉ አዛውንቱ።

አባቷ አሻግረው እኔን አዩ። እኔ ሞተሩን አየሁ።

«ይሄስ ማነው?»

«ነጂያችን ነው» አለ አከራዬ።

በዚህ መሃል የአባቷ ክር ተንቀሳቀሰ። ክብደት ያላሰሩበት የላስቲክ ትል ከዛፉ ሥር በራሱ ጊዜ እንዲሰጥም ትተውት ነበር፤ ለፈራ ባስ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። በዚህ ዘዴ ዓሣው ሲወስደው እጅ ላይ አይሰማም፤ የሚታየው ክሩ ላይ ነው። ክሩ ያለ ምንም ድምፅ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ሁለታችንም እኩል አየነው። እጃቸውን ቢለቁ ሽማግሌዎቹ ውሃ ይገባሉ፤ ባይለቁ ዓሣው ይሄዳል።

«አንተ የሌለኸው!» ብለው ጮሁብኝ። «ዘንጉን አንሳ!»

ተንጠራርቼ አነሳሁ። የላላውን ክር ጠቀለልኩና ዘንጉን ወደ ጎን ሳብኩ። ከበደኝ። ባስ ሲያዝ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እንጨት ነው፤ ክሩን ቅርንጫፍ ላይ ከጠመጠመ አለቀ። ዘንጉን ዝቅ አድርጌ የዓሣውን ራስ ወደ ገላጣው ውሃ አዞርኩ። ሁሉም ነገር መጽሐፉ እንዳለው ሆነ።

አዛውንቱ በዓሣ ምክንያት ንግግር የሚያቋርጡ ሰው አይደሉም። «እንግዲህ መልስዎን እንጠብቃለን» አሉ።

«መልሴማ…» አሉ አባቷ።

እጄ ቆመ። ሌላ ምንም አላደረግኩም፤ ቆመ ብቻ። ዓሣው ወደ እኛ መጣ፤ ክሩ ላላ፤ ወዲያው አጠገባችን ካለው ውሃ ሙሉ አካሉን ይዞ ወጣ። አፉን በልቅጦ ራሱን ሁለቴ አራገፈ፤ መንጠቆው ተስፈንጥሮ ጀልባዋን ቀጭ አድርጎ መታት። ዓሣው ሲወድቅ ያነሳው ውሃ አዛውንቱን ከነጠላቸው እስከ ከረባታቸው አበሰበሳቸው። እሳቸውም ዱብ ብለው ተቀመጡ።

«ተቀመጡ እኮ!» አለ አከራዬ፣ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

«እኔ አልተቀመጥኩም» አሉ አዛውንቱ ፊታቸውን እየጠረጉ። «ጀልባው ነው ያስቀመጠኝ።»

አከራዬም ተስፋ ቆርጦ ተቀመጠ። አሁን ማስገደጃ የለንም። አባቷ ጀልባችንን ቀስ ብለው ለቀቁ። በአንድ ጣት ገፍተው ሊሸኙን ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ዓሣው የጠፋበትን ቦታ ትንሽ ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለምን አመለጠ?»

በቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ የፈለጉ መሰለኝ። ዓሣ የሚያመልጥበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ይሄኛውን ግን በትክክል አውቀዋለሁ።

«ክሩ ላላ።»

«ለምን ላላ?»

«እጄ ቆመ።»

«ለምን ቆመ?»

«መልስዎን እየሰማሁ ነበር።»

ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ። «እንግዲያው አለህ ማለት ነው» አሉ።

«አለሁ።»

«ቦታዬን ማን ነገረህ? ልጄ አታውቀውም። እናቷም አታውቀውም።»

«ራሱ ነው ያገኘው!» አለ አከራዬ፤ ነፍስ ዘራ።

«በምን?»

በሕይወቴ ረጅሙን ንግግር ያደረግኩት ያኔ ነው። ስለ ዘገየው ጸደይ፣ ስለ ደቡብ ነፋሱ፣ ስለ ጥቁሩ ጭቃ፣ ስለ ቀዝቃዛው ወንዝ ተናገርኩ። አዛውንቱ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። አባቷ እንደ ፈታኝ መምህር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ዛፉስ?»

«ዛፉ ካርታው ላይ የለም። እሱን አላወቅኩም።»

«ዛፉ ነው ዋናው» አሉ። ትንሽ ቅር ያላቸው፣ ትንሽ ደግሞ ደስ ያላቸው ይመስላሉ። ከዚያ ሦስታችንንም በየተራ አዩን።

«ይህን ቦታ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ሦስት ሰው አወቀው። እንዳላሰጥማችሁ ሽማግሌዎች ናችሁ። እንግዲህ ይህን ቦታ የሚያውቅ ሰው ቤተሰብ ቢሆን ነው የሚሻለው። ልጄን ግን እጠይቃታለሁ።»

«ይጠይቋት» አልኩ።

አከራዬ እልል ሊል ብድግ አለ።

«ተቀመጥ!» አልነው ሦስታችንም።

አባቷ ከፌስታል ምስር የተቀባ ዳቦ አወጡ። አዛውንቱ የሰኔን ጾም ይጾሙ ነበርና የጾም መሆኑን ጠየቁ፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ የመብያው ሰዓት እንደደረሰ አረጋግጠው ባረኩና ተቀበሉ። ሽማግሌ ከተቀመጠና ከበላ ነገሩ አልቋል። ለእኔ ግን ሰኞ ልጅቷ በኪዮስኬ ስልክ ደውላ ስትስቅ፣ ስለ ነጠላው ደግመህ ደጋግመህ ንገረኝ ስትለኝ ከአሁኑ ይሰማኝ ነበር።

አባቷ አዲስ የላስቲክ ትል መንጠቆው ላይ ሰኩ። ዘንጉን ግን ራሳቸው አልወረወሩትም፤ በሁለቱ ጀልባዎች መሃል ወደ እኔ ዘረጉት።

«ሌላ እዚያው ዛፍ ሥር አለ» አሉ። «መልሱን ሰምተሃል። አሁን ክሩን እይ።»