ከጉለሌ እስከ ባሕሩ፦ ለእናቴ ትንፋሽ ሆቴል ስመርጥ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ጉለሌ

ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጉንጭ ይቆነጥጣል። ከማል መኪናውን በራችን ላይ አስነስቶ እያሞቀ ነው። እኔ የምጭነው ልብስ አይደለም፤ የኦክስጅን ማሽን፣ ሁለት ትርፍ ባትሪ፣ ከመኪናው ጋር የሚያገናኝ ገመድ፣ ማከፋፈያ፣ ማከፋፈያው ቢበላሽ ደግሞ ሌላ ማከፋፈያ።

"ጳውሎስ ሆስፒታልን ነቅለሽ ነው እንዴ የመጣሽው?" አለኝ ከማል። ጎረቤታችን ነው፤ አባቱ የሰፈሩን ሱቅ ይዘዋል፣ እሱ ደግሞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ዕቃ ሲያመላልስ ነው የኖረው፤ የመኪናው የድንበር ወረቀት የተሟላ ነው።

እማዬ ዕድሜዋን በክር ፋብሪካ የጥጥ ብናኝ ስትምግ ኖራለች። ሳንባዋ ከደከመና ማሽን ከተሰካላት አራት ዓመት ሆናት። ማሽኑ ቤታችን ውስጥ ቀን ከሌሊት ያጉረመርማል። መብራት ጠፍቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ከተኛሁበት እዘላለሁ። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ያ ጸጥታ ቢረዝም ምን እንደሚከተል ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ሐኪሟ "የሚጎዳት ከፍታው ነው፤ ለሳምንት ያህል ቆላ አውርደሽ ሞክሪያት፤ ጣቷ ላይ የሚለካው የኦክስጅን ቁጥር ከዘጠና በላይ ከሆነ እዚያው ትኑር" አለኝ። እሷ ግን "ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው" ብላ ድርቅ አለች። ስለዚህ አታለልኳት። ባሕር ሳታይ እንዳትሞት ትመኝ ነበርና "ትልቅ ሆቴል ይዤ ባሕር ላሳይሽ" አልኳት። ትልቅ ሆቴል ያልኩት ለሶፋው አይደለም፤ መብራት አይጠፋበትም ብዬ ነው። ወንድሞቼ አዋጡ፣ እኔም ያለኝን ጨመርኩ።

"በሩን... ቆልፈሻል?"

"ቆልፌያለሁ እማዬ።"

"ሁለቴ... ነው?"

እንደዚህ ነው የምታወራው፤ በየሁለት ቃሉ ቆም ብላ አየር ታጠራቅማለች። መለኪያዋን ጣቷ ላይ ሰካሁ። ሰማንያ ሁለት።

ሐሙስ፣ 6 ሰዓት፣ አዋሽ

ፈጣኑን መንገድ ያለ ችግር ጨረስነው። ከዚያ በኋላ ግን ከባድ መኪና በከባድ መኪና ላይ ነው፤ ከማል ሲቀድማቸው እኔ ባልነዳም እግሬ ፍሬን ይረግጣል። የእማዬ ታናሽ እህት አክስቴ አልማዝ የምትኖረው አዋሽ ነው። የፍየል ቅቅል ሠርታ ጠበቀችን። ቁጥሩ ሰማንያ ዘጠኝ ሆኗል፤ መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ በራሴ ጣት ሞከርኩት። ደህና ነው።

"ለምን እኔ ጋ አትተያትም?" አለችኝ አክስቴ። "ጓሮው ሰፊ ነው፣ መብራቱም ደህና ነው።"

እማዬ ሰምታታለች። "እኔ... እንግዳ ሆኜ... አልሞትም" አለች። አክስቴ መረቁን ጨመረችላትና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት ተኩል፣ በረሃው መሃል

ኔትወርክ ከጠፋ ቆይቷል። ግራ ቀኙ ጥቁር ድንጋይና እሾህ ነው፤ አልፎ አልፎ የግመል መንጋ ያቋርጣል። በድንገት ማሽኑ ጮኸ። የመኪናው መሰኪያ ሞቷል፤ ማሽኑ በባትሪ ነው የሚሠራው። ሦስት አረንጓዴ መብራት ነበረው፤ ከማል ጥግ ይዞ እስኪያቆም ሁለት ሆነ።

"ፊውዝ ነው፣ አትሸበሪ" አለ መሪው ሥር አጎንብሶ።

"ትርፍ አለህ?"

"ይኖረኛል።"

ይኖረኛል ማለት ምን ማለት ነው? የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ፤ ትርፍ ባትሪዎቹን እንደገና ቆጠርኩ። እማዬ በመስኮት ግመል ታያለች። ከማል የሬዲዮውን ፊውዝ ነቅሎ እዚያ ሰካውና ማሽኑ ማጉረምረሙን ቀጠለ። እስከ ሰመራ ድረስ ያለ ሙዚቃ ሄድን፤ ማንም ቅር አላለውም።

ዓርብ፣ ከሰዓት፣ ጅቡቲ

ሰመራ አድረን ድንበሩን በጠዋት ተሻገርን። ባሕሩ መጀመሪያ የመሰለኝ ጭጋግ ነው። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

ሦስት ሆቴል መርጬ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያው መዋኛው ከበራፉ ይጀምራል፤ የሰጡን ክፍል ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ደግሞ እየተጠገነ ነው። ሁለተኛው ከከተማው ርቆ አሸዋው ላይ የተሠራ ነው፤ በጣም ያምራል። "ሆስፒታል ስንት ደቂቃ ነው?" ስል አስተናጋጁ "እዚህ ሰው ለመዝናናት ነው የሚመጣው" አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ሦስተኛው ከተማው ዳር፣ ባሕሩን ተደግፎ የቆመ ነው፤ ያንድ ሌሊቱ ዋጋ የወር ደሞዜን ያስንቃል። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሰዓዳ የምትባል ልጅ አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች። የቁርሱን ዓይነት፣ ማሳጁን፣ የባሕር ዕይታውን ዘረዘረችልኝ።

"ጄነሬተሩን ላየው እችላለሁ?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ጄነሬተሩን። ሲነሳም ብሰማው ደስ ይለኛል።"

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ቢሆንም ተነሳች። እማዬን ሶፋው ላይ ከማሽኗ ጋር አስቀምጬ፣ ከማል ሻንጣ እያወረደ፣ ከሰዓዳ ጋር ምድር ቤት ወረድን። የቤት ያህል የሆነ ጄነሬተር ነው። ነዳጁን ጠየቅሁ፣ በስንት ሴኮንድ እንደሚነሳ ጠየቅሁ። እዚህ እናርፋለን ብዬ ወሰንኩና ቀለል ብሎኝ ወጣሁ።

ሶፋው ባዶ ነው። ማሽኑ ብቻውን ያጉረመርማል፤ ቱቦው ትራሱ ላይ ተጥሎ አየሩን ለማንም ይነፋል። ጫማዋ ወደ ባሕሩ በሚያወጣው በር ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። መዋኛውን ዞርኩ፣ ወንበር ገለበጥኩ፣ አንድ ፈረንጅ ጮኸብኝ። በልቤ ለወንድሞቼ ምን እንደምላቸው እየተናገርኩ ነበር። እኔ ነኝ ያመጣኋት፣ በውሸት ነው ያመጣኋት፣ ጄነሬተር ሳይ ሞተች።

ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃው ውስጥ ቆማለች። አየችኝ።

"አንቺ ልጅ ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ የምትሮጪው ነጠላሽ አሸዋውን ጠረገው እኮ፣ ነይ ጫማሽን አውልቂና ግቢ ውሃው ሞቅ ያለ ነው፣ አባትሽ ነፍሱን ይማረውና በየዓመቱ አሳይሻለሁ እያለ ሲያታልለኝ የኖረው ይሄንኑ ነው፣ አንቺም ውሸታምነቱን ነው የወረስሽው፣ ሐኪሙ ምን እንዳለሽ የማላውቅ መስሎሻል።"

አንድ ጊዜም አላቆመችም። ከአራት ዓመት በኋላ እናቴ አንድ ሙሉ ንግግር ጀምራ ጨረሰች። እዚያው ከነጫማዬ ውሃው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጣቷን ለካሁ፤ ዘጠና አምስት።

ሰኞ፣ ጅቡቲ

ጄነሬተሩ እስካሁን አንድ ጊዜም አልተነሳም። እማዬ ማሽኑን የምትሰካው ስትተኛ ብቻ ነው። ቀን ቀን ከሰዓዳ ጋር ስለ ዓሣ ዋጋ ትከራከራለች። ፍርሃቴ ግን አልቀነሰም፤ አቅጣጫውን ነው የቀየረው። ነገ ሽቅብ እንመለሳለን፤ እሷ ደግሞ ስለ ቤቷ እንጂ ቆላ ስለ መቅረት አንድም ቃል አልወጣትም። እኔም መልሷን ፈርቼ አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ፣ 6 ሰዓት፣ አዋሽ

ቁጥሩ ዘጠና ሁለት ነው። አክስቴ ጋ ምሳ በላን። ከማል ሞተሩን ሲያስነሳ ማሽኑን ልሸከም ጎንበስ አልኩ።

"ተይው" አለች እማዬ። ከወንበሯ አልተነሳችም።

"እማዬ?"

"እንግዳ ሆኜ አልሞትም ብያለሁ፣ እንግዳ ሆኜ መኖርን ግን ገና አልሞከርኩትም፣ እስቲ እስከ ፋሲካ ልየው፤ አንቺ ሂጂ ሥራሽን እንዳታጪ።"

ወደ አክስቴ ዞር ብዬ የመብራቱን ነገር፣ የክሊኒኩን ርቀት መጠየቅ ጀመርኩ። አክስቴ እጄን ይዛ መኪናው ድረስ አደረሰችኝ።

ረቡዕ፣ 11 ሰዓት፣ ጉለሌ

ከማል ወደ አባቱ ሱቅ ስለሚያልፍ አስፋልቱ ላይ አውርዶኝ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ቁልፉን ሁለቴ አዙሬ ከፈትኩና ገባሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ሻንጣዬን ጥዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ፣ ሶኬቱን ለመንካት ግድግዳውን ዳበስኩ። የተሰካ ነገር የለም። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው። ጠርዙ ላይ ቁጭ ብዬ ጸጥታውን አዳመጥኩት፤ አዋሽ መሆኗን እያወቅሁም ፈራሁ። ስልኬ ጠራ።

"ደረስሽ ወይ በሩንስ አገኘሽው እንደቆለፍሽው፣ ቆርቆሮው አጥር ሥር ያለችውን ጽጌረዳ ውሃ አጠጫት እንዳትረሺ፣ አልማዝ ደግሞ ቡናዋ ውሃ ውሃ ይላል ግን አልነገርኳትም፣ ምነው ዝም አልሽ?"

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ ያጠረኝ እኔ ነበርኩ።

"ደርሻለሁ... እማዬ።"