እስከ ጉልበት የተቆፈረው መሠረት

ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ስንት ስብሰባ ያስተረጎምኩ ሰው፣ የዚያን ቀን ያህል ያፈርኩበት ጊዜ ስለሌለ አልረሳውም።

የምኖረው ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ነው። ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዎች ለልምድ ልውውጥ መጡ። መሥሪያ ቤታቸው ረጅም ሕንፃ እያስገነባ ስለሆነ፣ መሃል ከተማ ያለው ያ ዝነኛ ክብ ሕንፃ እንዴት ታቅዶ እንደተሠራ ሊያጠኑ ነው። የቡድኑ መሪ አቶ ግዛቸው ናቸው። አንዱ ከግዥ፣ አንዷ ከሰው ሀብት፣ ሁለቱ ከሕዝብ ግንኙነት። የስድስተኛው ሥራ እስኪሄድ ድረስ አልገባኝም። የሕንፃቸው መሃንዲስ ሰላማዊት ግን «ቦታ ሞልቷል» ተብላ ቀርታለች።

እሷ ቀደም ብላ ደውላልኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ሌላው ይቅር። የመሠረታችን ጉድጓድ ውሃ እያመነጨ ነው፤ አለቆቼ ዝም ብለሽ ኮንክሪት ሙዪበት ይሉኛል። እዚያ ውሃውን እንዴት እንዳደረጉት ብቻ ጠይቅልኝ። ነገ ሰው ሊገባበት ነው እኮ» አለችኝ። ቃል ገባሁላት።

አፈላልጌ በወጣትነታቸው የዚያን ሕንፃ ንድፍ ከሳሉት አንዱ የሆኑ ሽማግሌ አገኘሁ። ሰው ሁሉ አክብሮ «ምዜ» ይላቸዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ንድፋቸውን ጠቅልለው ሕንፃው ሥር ካለ ካፌ ጠበቁን። የእኛዎቹ ጣሪያው ላይ ፎቶ ሲነሱ ምዜ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለው ጠበቁ።

በመጨረሻ ወረድን። ምዜ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። አቶ ግዛቸው ስልካቸውን አስቀመጡበት። እኔ የሰላማዊትን ጥያቄ ጠየቅሁ።

የምዜ ፊት በራ። «ደህና ጥያቄ ነው። ከመሃላችሁ መሃንዲሱ ማን ነው?» አሉ በእንግሊዝኛ።

ተረጎምኩ። ስድስቱም ተያዩ። አቶ ግዛቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሁላችንም ነን በላቸው» አሉኝ።

አልኳቸው።

ምዜ አንድ በአንድ አዩአቸው። ቀስ ብለውም፣ «እንግዲህ እንደምታውቁት መሠረቱን የቆፈርነው እስከ ጉልበት ነው። ውሃ ሲመጣ እስኪደርቅ ጠበቅን» አሉ። እንኳን መሃንዲስ፣ አጥር ያጠረ ሰው ይስቅ ነበር። የእኛዎቹ ጻፉት። የግዥው ሰውማ «እስከ ጉልበት» የሚለውን ሁለቴ አሰመረበት። አቶ ግዛቸው «ትልቅ ትምህርት ነው» አሉ፤ እሱንም ተረጎምኩ።

አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው እንደሚባለው፣ ምዜ ንድፋቸውን ጠቀለሉና «ሳዋ፣ ሳዋ» እያሉ ተነሡ። መልካም፣ መልካም እንደማለት ነው። የሰላማዊት መልስም አብሮ ተጠቅልሎ ሄደ።

በማግስቱ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍሬ ብቻዬን ምዜ ቤት ሄድኩ። መሃንዲስ እንዳልነበረ፣ ጥያቄው የማን እንደሆነ፣ እንደዚያ በል ያሉኝም እነሱ እንደሆኑ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ የእነሱን ቋንቋ አላውቅም» አሉኝ። «መሃንዲሶች ናቸው ያልከኝ አንተ ነህ።»

ስልኬን አውጥቼ ለሰላማዊት ደወልኩ። ምዜ ንድፉን መልሰው ዘርግተው ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። የአዲስ አበባው ጉድጓድ ኮንክሪት ሳይሞላበት ውሃው እንዲወጣ የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

የቡድኑ ሪፖርት «በቂ ልምድ ተቀስሟል» ይላል አሉ። ይህን ለወዳጆቼ ሳወራ «ሁላችንም መሃንዲሶች ነን አሉ» እላለሁ፤ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምዜ ቤት ግን ያን ቀን ከእኔ በቀር የሚሳቅበት ሰው አልነበረም።