ማተብ ያስቆመው ሩጫ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ሰፈራችን ፌርፋክስ

ኦሎምፒኩ በዚህ በአሜሪካ ከተማ ካለፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ልጄ ሰናይት ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በዱላ ቅብብል የመጨረሻዋ ሯጭ። ወድቃ ትሰበራለች እያልኩ እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ፋሻና ሹራብ ይዤ ወደ ዛሬው ውድድር አብሬ እሄዳለሁ። ከዛሬ ወዲያ ሩጫ የለም ብያታለሁ።

አሠልጣኟ ሚስ ኧርማ አሮጌ ቫናቸውን ይዘው መጡ። ሰባ የሚሆናቸው ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ጥቁር ሴት ለአሜሪካ ስትሮጥ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ባሕር ማዶ ሮጠው ሜዳልያ አምጥተዋል። ከኋላ ሦስቱ የሰናይት ቡድን ልጆች ተቀምጠዋል።

«የሰናይት እናት፣ አላስካ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለች ታሻ የምትባለው፣ ሹራቡን አይታ።

መንገድ ላይ

ፍሪዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና፣ የብርቱካን ማሳ፣ አቧራ። አንዲት ትንሽ ከተማ ቤንዚን ስንሞላ ሚስ ኧርማ ማዶ ያለ ምግብ ቤት በአገጫቸው አሳዩኝ። ሰናይት ታስተረጉማለች።

«ሜዳልያዬን አንገቴ ላይ አድርጌ ገባሁ። ጥቁር በፊት በር አይገባም፣ በጓሮ ዙሪ አሉኝ።»

«ዞሩ?»

«ርቦኝ ነበር፤ ዞርኩ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።»

እኔም ተናደድኩ። ሰው ለአገሩ ሮጦ መጥቶ በጓሮ ይበላል?

ሜዳው

ፀሐይ፣ የሆት ዶግ ሽታ፣ የወላጆች ጩኸት። ሩጫው ሊጀመር ሲል ፊሽካ ያንጠለጠለ ዳኛ የሰናይትን አንገት አየ።

«ጌጥ ክልክል ነው። አውልቂ።»

ጌጥ አይደለም፤ ክርስትና ስትነሳ የታሰረላት ማተብ ነው። ባለችኝ እንግሊዝኛ «ቤቢ፣ ቸርች» አልኩት።

«ክር ከሆነማ ይቆረጣል» ብሎ መቀስ አወጣ። ፊቱ የደህና ሰው ፊት ነው፤ ይህም አናደደኝ። መሃላቸው ገብቼ ቆምኩ።

«እማዬ ፕሊስ፣ ልፍታውና ስጨርስ መልሰሽ እሰሪልኝ» አለች ሰናይት። ሦስቱ ልጆች ያዩኛል። እሷ ካልሮጠች እነሱም አይሮጡም።

«አይፈታም» አልኩ።

ሚስ ኧርማ ሊያግባቡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መቀሱን ከሰውዬው እጅ ወስደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ሰናይት፣ አንድ ቀን ራስሽ ብትፈቺው ያንቺ ጉዳይ ነው። ፊሽካ የያዘ ሰው ስላዘዘሽ ግን አትፈቺም። ልጆች፣ ዕቃችሁን ሰብስቡ።»

«ሴትዮ፣ ሕግ እኮ ነው» አላቸው ዳኛው።

«እኔንም በጓሮ ሲያዞሩኝ ሕግ ነው ብለዋል።»

አመሻሽ፤ ፌርፋክስ

ቫኑ ውስጥ ታሻ ስታለቅስ መጣች። ልጆቹ የሰውዬውን ሥራ የኔ ጥፋት አድርገው ያዩኛል፤ ያንገበግበኛል። ሰናይት ወርዳ በሩን በኃይል ዘጋችው።

«ሰኞ ልምምድ አለ» አሉ ሚስ ኧርማ በመስኮት።

«እናቴ አትፈቅድም» አለች ሳትዞር።

«እኔ አመጣታለሁ» አልኩ። ያ ዳኛ ካስቆማት በኋላ እኔም ላስቆማት አልሆነልኝም።

ሰኞ ከምሠራበት ሆቴል አስፈቅጄ ወሰድኳት። እስካሁን አላናገረችኝም። እሷ ትሮጣለች፤ እኔ አጥሩ ሥር ቆሜአለሁ። አንገቷን የሚያይ ሰው ካለ፣ እኔም እሱን አየዋለሁ።