የአልጋነሽ ዋስትና

አልጋነሽ የነገረ ፈጅ ልጅ ነበረች። መንዝ ተወልዳ፣ ሰው ሲከስና ሲከሰስ፣ ዋስ ሲጠራና ዋስ ሲጠፋ እያየች ችሎት ደጃፍ ነው ጥርሷን የነቀለችው። ባሏን ተከትላ ዲላ ከገባች በኋላም አመሏ አልለቀቃትም፤ ጎረቤት በዶሮ ቢጣላ እንኳ «ዋስ ጥሩ!» ማለቷ አይቀርም። ባሏ ከጦሩ ጋር ወደ ገናሌ ግንባር ወርዶ በዚያው ቀረ። ልጅ አልነበራቸውም። ጣሊያን ዲላን ሲይዝ በእጇ የቀረው አንድ እንዝርትና ይኸው የክርክር ወጓ ብቻ ነበር።

ጦሩ ሲበተን የወታደሩ ሚስቶችና ልጆች ከየአቅጣጫው ወደ ዲላ ጎረፉ። የሸዋ መንገድ ተዘግቷል። ገጠሩ ደግሞ ባሎቻቸው ለዓመታት ማር ያስገበሩትና ጉልበቱን የበዘበዙት አገር ነው፤ በየት ዓይናቸው ይግቡበት? የጨው ነጋዴዋ ሀዲጃ መጋዘኗን ከፈተችላቸው። ሀዲጃ ከስልጤ የመጣች፣ ጌዴኡኛን አሳምራ የምትናገር፣ እጇ ለጋስ፣ ምላሷ ግን የማይቻል ሴት ነበረች። ክፉውን ወሬ ያመጣችውም እሷው ናት፤ ጣሊያኖቹ የወታደሩን ቤተሰብ ለቅመው በካሚዮን ሊጭኑ ነው፣ ወዴት እንደሚወስዱት የሚያውቅ የለም። ከመካከላቸው አራሷ የትምወርቅ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ማልቀስ ጀመረች። የቀሩት ሁሉ ወደ አልጋነሽ ዞሩ።

«እኔ እናገርላችኋለሁ» አለች አልጋነሽ። ለማን እንደምትናገር ግን አላወቀችም።

ሀዲጃ ዳገቱ ላይ ካለው የዱመርሶ መንደር ሽማግሌውን ጅግሶን ጠቆመቻት። ጅግሶ ሶንጎ በሚባለው የጌዴኦ ሽማግሎች ጉባኤ ላይ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። አልጋነሽም ነጠላዋን አደግድጋ የሰውየውን ደጅ ልትጠና ወጣች። ከደጁ እንሰት ዳር ቆማ ዋለች። በማግስቱም ተመልሳ ቆመች። ዝናብ ወረደባት፣ ንቅንቅ አላለችም። ደጅ የሚጠና ሰው እስኪጠራ አይናገርም፤ ያደገችበት ሥርዓት ይህ ነው። ጅግሶ በበኩሉ አንዲት የነፍጠኛ ሚስት እንሰቱ ላይ ዓይኗን ተክላ ስትውል ሲያይ ግብር ልትጥልበት የመጣች መሰለውና ቤተሰቡን ከቤት እንዳይወጣ ከለከለ። ሀዲጃ ደርሳ ባትገላግላቸው ኖሮ ሁለቱ እንደተፈራሩ ይከርሙ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል እንዴ?» አለቻት። «እዚህ አገር የቸገረው ሰው ሶንጎ ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ ይናገራል። እንደ ግንድ ተገትረሽ ማን ይስማሽ!»

ሶንጎው በተሰበሰበ ዕለት አልጋነሽ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ሀዲጃ አስተረጎመችላት።

«የማን ሚስቶች እንደሆኑ ታውቃላችሁ» አለች። «ባሎቻቸው እንደበደሏችሁ አልክድም። አሁን ግን ባልም አገርም የላቸውም። ሕፃናቱም ማንንም አላስገበሩም። አንዳቸው ቢያጠፉ፣ ከቤታችሁ አንድ ነገር ቢጎድል፣ ዋሳቸው እኔ ነኝ። ዲላ ገበያ፣ ሾላው ሥር ታገኙኛላችሁ።»

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተማከሩ። ሚስቱ በነፍጠኛ ቤት ስትፈጭ የኖረችበት ሰው እዚያው ተቀምጦ ነበርና ምክሩ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ጅግሶ ተነሥቶ ተናገረ፤ እያንዳንዱ ቤት አንዲት ሴት ከነልጆቿ ይቀበላል። ስለ ዋስትናው ማንም ትንፍሽ አላለም። አልጋነሽ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረችው፤ አባቷ በሚከራከርበት ችሎት ዋስ ተጠርቶ የሚቃወም ካልተነሣ ነገሩ አበቃ።

ሴቶቹ በጭጋጉ ተሸፍነው ወደ ዱመርሶ ወጡ። የትምወርቅ መንገድ ከጀመረች በኋላ ተመልሳ፣ «እትዬ፣ ለእርስዎም ቤት አለ ብለዋል፤ አብረውን ይምጡ» ብላ ለመነቻት።

«ለወጉ ያሉት ነው። ዋስ ከቦታው አይነቃነቅም። ሂጂ፣ ልጅሽን ብርድ እንዳይመታው» አለቻት አልጋነሽ።

ጣሊያኖቹ መጋዘኑን ሲበረብሩ ከጨው በቀር ያገኙት ነገር አልነበረም። አልጋነሽን አስረው ጠየቋት፤ ወሬ ሲያጡባት፣ ብቻዋን የምትኖር ፈታይ መስላቸው ለቀቋት። ብዙም ሳይቆይ ሀዲጃ ንግዷን ይዛ ይርጋጨፌ ገባች። አልጋነሽ ብቻዋን ቀረች።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ ሾላው ሥር ሆነ። ጥጥ ትፈትላለች፣ ፈትሉን ትሸጣለች፣ ሲመሽ ወደ ጎጆዋ ትገባለች። ስትታመም አመመኝ የምትለው ሰው አልነበራትም። ሴቶቹ ጣሊያንን ፈርተው ገበያ አይወርዱም። ከዱመርሶ የሚወርድ ገበያተኛ ባየች ቁጥር ለዋስትናው የመጣባት እየመሰላት ትደነግጣለች፤ ሰውየው ግን ዝም ብሏት ያልፋል። ውሎ አድሮ ፍርሃቱ ወደ ናፍቆት ተለወጠባት። ምነው አንዷ እንኳ ትንሽ ነገር አጥፍታ በጠሩኝ፣ ስሜን በጠሩት፣ ትላለች በልቧ። አንድ ቀን በእናቱ መልክ የለየችው የትምወርቅ ልጅ ካስጠጓቸው ሰዎች ጋር ገበያ ወርዶ በጌዴኡኛ ሲያወራ ሰማችው። ጠራችው። ልጁ አላወቃትምና ሮጠ። የዚያን ዕለት ፈትሏ ሁሉ እየተበጠሰ አስቸገራት።

ጣሊያን አገሩን ለቆ በወጣ ሰሞን ጅግሶ ራሱ ወደ ሾላው መጣ። አርጅቷል፤ ዘንግ ይዟል። አልጋነሽ ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አለሁ፤ አልሸሸሁም» አለችው። «ማናቸው ናቸው ያጠፉት?»

ጅግሶ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ማን አጠፋ አለሽ?» አላት።

«እኔ እኮ ዋሳቸው ነኝ።»

«እኛ ዋስ አልጠየቅን። ቤት የገባ ሰው የቤት ሰው ነው። ዋስ ምን ያደርጋል?» ዘንጉን መሬት ላይ ተከለ። «አንቺ የኔ ቤት እንድትገቢ ነበር የተባለው። ባለቤቴ መደብ ለቃ ጠበቀችሽ። አልመጣሽም። ነገ ትመጣለች አለች። አልመጣሽም። ‹ቤቴን ተጸየፈችው› አለች። እንደዚህ እንዳለች፣ ባለፈው ክረምት ሞተች። ይህን ልነግርሽ መጣሁ።»

እንዝርቱ ከአልጋነሽ እጅ ወደቀ። ያን ሁሉ ዓመት የሚጠብቀኝ ሰው የለም ብላ ነው የኖረችው። ልቅሶው ሲመጣባት ገበያው መሀል መሆኗን ረስታ ጮኻ አለቀሰች።

«መቃብራቸውን ያሳዩኝ» አለች በኋላ።

ጅግሶ ቀደመ፣ እሷ ተከተለች። ደጁ ሲደርሱ ጅግሶ ቀድሞ ገባ፤ እሷ በጥንቱ ልማዷ ከእንሰቱ ዳር ቆመች። የሚያስገባት ሰው እስኪወጣ ጠበቀች። በሩ ክፍት ነበር፤ ‹ግቢ› የምትላት ሴት ግን አልወጣችም።