የወሊድ ፈቃድ የወጡት አያት

እማማ ስቶያንካ በስልሳ አንድ ዓመታቸው የወሊድ ፈቃድ ወጡ። የሚያስቅ ነገር የለውም፤ ሕጉ ይፈቅዳል። እናት ወደ ሥራዋ መመለስ ከፈለገች የቀረውን ፈቃድ ለአያት ማስተላለፍ ትችላለች። እሳቸውም ሠላሳ አራት ዓመት ማኅተም ሲመቱ ከኖሩበት፣ በቡልጋሪያዋ የሩሴ ከተማ ካለው ፖስታ ቤት ወረቀቱን ፈርመው ወጡና ቤታቸው ገቡ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛው አቶ ኪሪል ታዲያ እንዲህ ያለ ሲሳይ የሚያመልጣቸው ሰው አይደሉም። ደረጃው ላይ ባገኟቸው ቁጥር ኮፍያቸውን አንስተው፣ «እንኳን ማርያም ማረችዎ» ይሏቸዋል።

«ለእርስዎም ማርያም ልብ ትስጥዎ» ይሉና እማማ ስቶያንካ ልጁን እንደታቀፉ ወደ ላይ ይወጣሉ።

ልጁ ራዶ ይባላል። አባቱ በዳኑብ ወንዝ ጭነት በሚያመላልስ መርከብ ስለሚሠራ ለሳምንታት አይታይም። እናቱ ዝላትካ የዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ናት። መንዳት ነፍሷ ነው፤ ቤት ስትውል ያማታል። ግን ሁሉም ነገር እሷ መሪ ላይ ሳለች ነው የሚሆነው። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ያለችው በሥራ ሰዓት ነው። የመጀመሪያ ቃሉ ደግሞ «ባባ» ሆነ፤ አያቴ ማለቱ ነው። ያን ዕለት ዝላትካ እየሳቀች መታጠቢያ ቤት ገባችና ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ከዚያ አማቷን አንድ ነገር ለመነቻቸው።

«እማማ፣ ጥርሱንም ቃሉንም ወስደውብኛል፤ ይሁን። የመጀመሪያ እርምጃውን ግን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«ማርያምን፣ አንቺ ሳታይ እግሩ መሬት አይነካም» አሉ።

ቃል ቃል ነውና አሥራ አንድ ኪሎውን ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ተሸክመውት ይውሉ ጀመር። ወገባቸው ተቆረጠ። ማክሰኞ ዕለት ግን ሾርባው ገነፈለ። ልጁን መሬት አስቀምጠው ወደ ምድጃው ሮጡ፤ ዞር ቢሉ ራዶ ወንበሩን ይዞ ተነስቶ፣ በእግሩ ሄዶ፣ የማቀዝቀዣውን በር በጥፊ ይመታል።

«ተቀመጥ» አሉት። አልተቀመጠም። «ኧረ ባክህ ተቀመጥ፣ እናትህ አላየችህም።»

ራዶ ሳቀባቸውና ወደ ወንበሩ ተመልሶ ሄደ።

ሆድ ይፍጀው አሉ እማማ ስቶያንካ። ማታ እናቱ ስትመጣ ይሄድላታል፣ እሷም የመጀመሪያው ይመስላታል፤ ማን ይጎዳል? ልጁ ግን እናቱ ፊት አልሄድም አለ። ዝላትካ በሩን ስትከፍት ቁጭ ይልና ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል። እሷም ስትናፍቀው ስለዋለች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ላፍ ታደርገዋለች፤ ከዚያ እስኪተኛ ከክንዷ አይወርድም። ረቡዕም እንደዚያው፤ ሐሙስም ቀን መናፈሻው ውስጥ ሲራመድ ውሎ ማታ እንደዚያው ሆነ። ዓርብ ራዶ ኮሪደሩን እየተንጎራደደ የጎረቤት በር ማንኳኳት ጀመረ፤ እማማ ስቶያንካ ደግሞ ከኋላው እየተከተሉ የሰዉን ሁሉ አፍ ያስይዛሉ። ሕንፃው በሙሉ ያወቀውን እናቱ ብቻ አላወቀችም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

«ዳቦውስ?» አሉ አቶ ኪሪል። «ልጅ በእግሩ ሲሄድ ድፎ ይደፋለታል፤ ዳቦው ይንከባለላል፣ ልጁ ይከተላል። ከዘገየ ዕድሜ ልኩን ሲደናቀፍ ይኖራል። ይህን እኔ ልንገርዎት?»

«ነገር አያብዙብኝ።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ራዶ ምንጣፉ አደናቀፈውና ግንባሩ አበጠ። እማማ ስቶያንካ ክው አሉ። ማታ ለዝላትካ ከአልጋው ጋር ተጋጨ ብለው ዋሹ፤ በሕይወታቸው ደብዳቤ እንኳ አዛብተው የማያውቁ ሴት።

ቅዳሜና እሑድ ሲያሰላስሉ ሰንብተው በመጨረሻ መላው ተገለጠላቸው። ልጁ የማይሄደው እናቱ ስለምታነሳው ነው። እንግዲያው እጇ ነፃ የማይሆንበት ቦታ መገኘት አለበት። የዝላትካ እጅ የሚታሰረው ደግሞ መሪ ላይ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ዘጠኝ ቁጥር ፌርማታው ላይ ቆሞ የፊት በሩን ሲከፍት፣ እማማ ስቶያንካ ልጁን ከበሩ አምስት እርምጃ ያህል አርቀው አቆሙት።

«እማማ? ምነው፣ አመመው እንዴ?» አለች ዝላትካ ከወንበሯ።

«ደህና ነው። አንቺ መሪሽን ያዢ።»

ራዶ እናቱን አየ። ቁጭ አለ። እጁን ዘረጋ። እናቱ አልመጣችም።

«ሾፌር፣ ሥራ አለብን እኮ» አለ አንድ ሰውዬ ከኋላ።

«ዝም በል፣ ልጁ ሊነሳ ነው» አለች አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ።

ራዶ ተነሳ። አንድ ተራመደ፤ ተንገዳገደ፤ ደገመ። ሴትዮዋ «ወፌ ቆመች» ስትል ተሳፋሪው ተቀበላት፣ ያ ሰውዬ ሳይቀር ያጨበጭባል። በአምስተኛው የአውቶቡሱን ደረጃ ጨበጠ። ዝላትካ መሪዋን እንደያዘች አለቀሰች። አውቶቡሱ አራት ደቂቃ ዘገየ፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም።

ምሽቱን ዳቦው ተጋገረ። ጠረጴዛው ላይ መቀስ፣ መጽሐፍና መዶሻ ተደረደሩ፤ ልጁ የሚያነሳው የወደፊት ሥራው ነው። ራዶ የሚንከባለለውን ዳቦ ተከትሎ ሄደ፣ ደረሰበት፣ አጠገቡ ዘፍ አለና መብላት ጀመረ።

«እንጀራው ወጥቶለታል» አሉ ለዳቦው የተጠሩት አቶ ኪሪል።

ዝላትካ የአማቷን እጅ ሳመች። «ስላቆዩልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።» ይህን ጊዜ እማማ ስቶያንካ አላስችል አላቸው።

«አታመስግኚኝ፣ ልጄ። ዋሽቼሻለሁ። የዛሬው የመጀመሪያው አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሐሙስ ዕለት በአውቶቡሴ በመናፈሻው በኩል ሳልፍ አይቼዋለሁ።»

«እና እኔ በውሸቴ ስጨነቅ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?»

«ምን ልበል፣ እማማ? ያን ቀን ወደ እርስዎ ነበር የሚሄደው። ወደ እኔ እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ነው።»

እማማ ስቶያንካ ሊቆጡ ፈልገው ቁጣው አልመጣላቸውም። ከልጁ እጅ የተረፈውን ዳቦ አነሱ፣ ቆርሰው ሰጧት።

«ከነገ ጀምሮ በየቀኑ በአራት ሰዓት ፌርማታው ላይ ነን» አሉ። «አንቺ በሩን ክፈቺ እንጂ የቀረውን እሱ ይራመደዋል።»