ለበዓሉ የተነቀሉ ጽጌረዳዎች

ከናዝሬት ስነሳ

ከናዝሬት የወጣሁት ተናድጄ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ዝናቡ ጋብ ይላል፣ ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ይጠራል፣ የከተማችን አቧራም ገና አልተነሣም። አበባ ተክሎ ለሚያድር ሰው ከዓመቱ ሁሉ እንዲህ ያለ ወቅት የለም። በባቡር ጣቢያው በኩል ያለውን የሕዝብ መናፈሻ ስንከባከብ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በሰኔ የቀበርኳቸው ዳሊያዎች ክረምቱን ሙሉ ቅጠል ሲያበዙ ቆይተው፣ ያን ሰሞን እምቡጣቸው መፈንዳት ጀምሮ ነበር።

የአብዮት በዓል ኮሚቴ ሰብሳቢ የመጣው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ዳሊያዎቹን በጫማው ጫፍ እየነካካ፣ መድረኩ እዚያ ቦታ ላይ እንደሚሠራ ነገረኝ።

«ይጠረግ» አለ። «በመድረኩ ዙሪያ ቀይ አበባ እንፈልጋለን። ቀይ ብቻ።»

«ጓድ ሰብሳቢ፣ እነዚህ እኮ ለበዓሉ ይደርሳሉ። ቀይም አላቸው።»

«ቢጫም አላቸው፣ ነጭም አላቸው። ድብልቅልቅ ያለ ነገር አልፈልግም። ከየትም ብለሽ ቀይ ጽጌረዳ አምጪ። ደግሞ ያበበ ይሁን፤ እምቡጥ አታምጪብኝ።»

ያበበ ጽጌረዳ ነቅሎ መትከል ምጥ የያዛትን ሴት በበቅሎ ጭኖ አገር እንደ ማሻገር ነው። ሥሩ አዲሱን አፈር ይያዝ ወይስ አበባውን ይቀልብ? መጀመሪያ ቅርንጫፉ አጥሮ መቆረጥ አለበት። ይህን ላስረዳው ስሞክር ሰዓቱን አየ። ከሰዓት በኋላ የቀን ሠራተኞች ዶማ ይዘው መጡና ዳሊያዎቼን ዓይኔ እያየ ገለበጧቸው። አንዷ እምቡጥ ተገምሳ ውስጧ ወይን ጠጅ ቀለም ሲታይ፣ ዘወር ብዬ ዕቃ ቤት ገባሁ።

ጽጌረዳ የት እንደሚገኝ አውቃለሁ። ወደ ደቡብ፣ ኩየራ ላይ፣ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በወጣትነታቸው ከሚሲዮን አትክልተኞች ጋር ሠርተው፣ ኋላ በራሳቸው ጓሮ ችግኝ ማፍላት የጀመሩ ሰው ናቸው። ኮሚቴው ትልቅ ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት ሰጠኝ። «ለበዓሉ የሚያስፈልጉ ተክሎችን እንድታመጣ» ይላል። ድንች የሚያመላልሰውን የግርማን ኤንትሬ የጭነት መኪናም ለዚሁ ጉዳይ ያዙበት። ግርማ ሲበዛ ጨዋታ የሚወድ ሹፌር ነበር፤ በዚያ ጠዋት ግን መሪውን ጨብጦ ሲቀመጥ ፊቱ እንደኔው ጠቁሮ ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ ለአበባ ነው መኪናዬን ያቆሙት?» አለኝ።

«ለቀይ አበባ» አልኩት።

ሞጆና ቆቃ

ሞጆ ቁርስ በላን። የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚያዘወትሩት ቤት ነው፤ ፍርፍሩ ጥሩ ነው፣ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ግን ከጉርሻው ጋር አብሮ ይገባል። ሻዩ ስሙኒ ሆኗል። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ወረቀቴን ገልብጦ አይቶ ማኅተሙ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። በሕይወቴ ወታደር ሰላምታ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አላለኝም።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ የመንገዱ ዳርና ዳር በአደይ ቢጫ ሆኗል። አደይን ማንም አይዘራው፣ ማንም አያጠጣው፤ ከመኪናው ወርጄ ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ቆቃ ስንደርስ ግን ንዴቴ ተመለሰ። የግድቡ ውኃ ቡናማ ነው፤ ወተት ያነሰበት ሻይ ይመስላል። ያ ሁሉ አፈር ነው። ከየኮረብታው ዛፉ ሲቆረጥ የሚይዘው ያጣ አፈር፣ እኔ በአካፋ እየለመንኩ ለመናፈሻዬ የማሰባስበው ዓይነት ለም አፈር፣ ውኃው ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ዓሣ የሚሸጡ ልጆች ቆሮሶ በገመድ ሰክተው መንገድ ላይ ያውለበልባሉ። ግርማ ሁለት ገዛና መስታወቱ ላይ አንጠለጠለ።

ከመቂ እስከ ነገሌ

መቂን፣ ዝዋይን፣ ቡልቡላን አለፍን። ሐይቆቹ በግራም በቀኝም ብልጭ ይላሉ፤ መንገዱ ዳር ያለው ግን ከሰል ነው። ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ጆንያ ግራር ነው። ግራር ዝናብ በጠፋበት ዓመት እንኳ ቅጠል የሚያወጣ፣ ፍየሉንም ሰውንም የሚያስጠልል ዛፍ ነው፤ እኔ ብዙ ችግኝ አሳድጌያለሁ፣ እንደሱ ትዕግሥተኛ አላየሁም። ሻጮቹን ልቆጣ አፌን ከፈትኩና የአንዷን ሴት እግር አይቼ ዘጋሁት። ተሰነጣጥቆ ደምቷል። የምትሸጠው ሌላ ነገር ቢኖራት ከሰል ተሸክማ እዚያ አትቆምም ነበር።

አርሲ ነገሌን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ግርማ መኪናውን ቀስ አደረገ።

«ይሄ ባለፈው ስመጣ አልነበረም» አለ።

ሜዳ ላይ ጎጆዎች በመስመር ተደርድረዋል። አንዱ ከሌላው እኩል፣ ልክ እንደ ሰልፈኛ። ግማሹ ክዳን የለውም። በመካከላቸው አንድ ዛፍ፣ አንድ ቁጥቋጦ የለም። ገበሬው ከየቤቱ ተነሥቶ በግድ የሚሰፍርበት አዲስ መንደር መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል።

ኩየራ

የኦቦ ገመቹን ግቢ አጥሩ ላይ በሚንጠለጠለው ጽጌረዳ ነበር የምለየው። ጽጌረዳው አለ፤ ቤቱ ግን የለም። ሣሩ ወርዶ ተከምሯል፣ ግድግዳው ፈርሷል፣ ሽማግሌው ምሰሶዎቹን በገመድ እያሰሩ ነው።

«አካም ጅርታ፣ አስካለ» አሉኝ ቀና ብለው። «ዛሬ ግቢ የምልሽ ቤት የለኝም። ከኮኩ ሥር ተቀመጪ።»

«ምን መጣ ኦቦ ገመቹ?»

«መንደር ግቡ ተባልን። ከመንገዱ ማዶ፣ ሜዳው ላይ።»

«ተክሉስ?»

«ተክሉ የገበሬ ማኅበሩ ነው ተባለ። ተመንጥሮ ገብስ ይዘራበታል።»

ሚስታቸው አዴ ሎሚ ድስትና ምንቸት በጆንያ ሲከቱ ቆይተው ተነሡ። «ገብስ!» አሉ። «ይሄን ሁሉ ኮክ ቆርጠው ገብስ! ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ኮክ ነው። ገብስ የሚዘራበት ሜዳ አጥተው ነው?»

ሽማግሌው እጃቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኟቸውና ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ በደህና ነው የመጣሽው?»

ዓይኔን ወደ ፈረሰው ግድግዳ መለስኩ። «ጽጌረዳ ፈልጌ ነው» አልኩ በመጨረሻ። «ቀይ። ለበዓሉ።»

ሳቁ። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «እኔንም የሚያስነሱኝ ለበዓሉ ነው። ከበዓሉ በፊት መንደሩ ቆሞ መታየት አለበት አሉ።»

ግቢውን ዞሬ አየሁት። በጣሳና በቆርቆሮ የተተከለ ኮክ፣ ዘይቱን፣ ቡና፤ ነጭ ጽጌረዳ፣ ቢጫ ጽጌረዳ፤ ክረምቱን ጠጥቶ አረንጓዴው የሚያበራ ችግኝ። ችግኝ እንኳ ከቦታው ሲነሣ አፈሩ ከሥሩ ጋር ይታቀፍለታል። እነዚህን ሰዎች ግን ምንም ሳይታቀፍላቸው ነው የሚነቅሏቸው። ደሜ ፈላ።

«ግርማ፣ መኪናውን ወደ ውስጥ አስገባ» አልኩት። «ሁሉንም እንጭናለን።»

ግማሹን እንደጫንን ካኪ የለበሰ ወጣት ካድሬ መጣ።

«ምንድን ነው የምትጭኑት?»

ወረቀቱን ሰጠሁት። አንብቦ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ለበዓሉ ከሆነ ጽጌረዳው ይገባኛል። ይሄ ግን ኮክ ነው።»

«ወረቀቱ ተክሎች ነው የሚለው።»

«ቡናውም ለበዓሉ ነው?»

«ለበዓሉ ነው።»

«ዘይቱኑም?»

«ጓድ» አልኩት ከንዴቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ «ስምህን ንገረኝና ናዝሬት ስገባ ለኮሚቴው ላስታውቅ። የበዓሉን ተክል ማን አስቆመው ሲሉኝ የምለውን ልወቅ።»

የጮኽኩት ሥልጣን ስላለኝ መሰለው። ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰልኝ፤ አልፎ ተርፎም ቆርቆሮዎቹን አብሮን ጫነ።

የኦቦ ገመቹን ምሰሶዎችም ከላይ ጭነን ወደ ሜዳው ወሰድናቸው። ቦታቸው ጭቃ ውስጥ የተቸከለች ችካል ናት። አዴ ሎሚ አንድ የዘይቱን ችግኝ ከመኪናው ላይ አውርደው፣ ከችካሏ አጠገብ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ለጽጌረዳው መግዣ ከኮሚቴው የተሰጠኝን ገንዘብ ለኦቦ ገመቹ ሰጥቼ ስሰናበታቸው እጄን ይዘው «ለሚያጠጣ ሰው ስጪልኝ፤ ለሚያጠጣ ብቻ» አሉኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞር ብዬ አየሁ። ሽማግሌው ሜዳው መሐል ቆመው በየት በኩል በር እንደሚያወጡ የሚያስቡ ይመስላሉ።

ናዝሬት

መቂ አድረን በማግስቱ ረፋድ ላይ ናዝሬት ገባን። ግርማ ወደ መናፈሻው ሊታጠፍ ሲል «መጀመሪያ ወደ ሰፈር» አልኩት። መሪውን ወደዚያ አዞረ። ጎረቤቶቼ ወጡ። ለእያንዳንዱ ችግኙን ሳድል የኦቦ ገመቹን ቃል ነገርኩ። አጠጡት፤ ካላጠጣችሁ አትውሰዱ። ወዲያው ባልዲ ይዛ የመጣችም ነበረች።

ቀዮቹን ለመድረኩ አስረከብኩ። ሰብሳቢው ደስ አለው። «ልቁረጣቸው፣ ካልተቆረጡ አይጸድቁም» ብዬ ሰው በተሰበሰበበት ነገርኩት፤ ከለከለኝ። ንፋሱ ተነሣ። ከበዓሉ በፊት አበባው ረገፈ፣ ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ መድረኩም በወረቀት አበባ ተሸፈነ። ቢሮው አስጠራኝ።

«ይሄ አሻጥር ነው» አለ። ያን ጊዜ በዚያ ቃል ሰው ይታሰርበት ነበር።

«አሻጥሩን የሠራኸው አንተ ነህ» አልኩት። «ቁረጪ ብትለኝ ኖሮ ዛሬ ቅጠል ያወጡ ነበር። የከለከልከኝን ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

አላሰረኝም። ከመናፈሻው አንሥቶ መንገድ ጠራጊ አደረገኝ።

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ከጉዞው የተማርኩት ቢኖር፣ ስናደድ ዕቃ ቤት ገብቼ መደበቅ እንደሌለብኝ ነው። ኩየራ ላይ ስናደድ አፌን ከፈትኩ፤ አንድ መኪና ሙሉ ችግኝም ከገጀራ ተረፈ። ሽማግሌውን ግን አላተረፍኩም።

መናፈሻውን አስረክቤ ወደ ቤት ስሄድ ጎረቤቴ ዘነቡን አገኘኋት። የኮክ ችግኟ እስከዚያ ቀን ድረስ በቆርቆሮው እንዳለ ደጃፏ ላይ ነው።

«ለምን አልተከልሽውም?» አልኳት።

«መቼ ነው የሚያፈራው እትዬ?»

«ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት።»

ወደ መንገዱ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እስከዚያ እዚህ የሚተዉን ይመስልሻል?»

ዶማዋን ከግድግዳው ላይ አንሥቼ ጉድጓዱን እኔው መቆፈር ጀመርኩ። ትንሽ ቆማ አየችኝና ውኃ ልታመጣ ሄደች።