የወርዋሪው ትከሻ

«ማሸቱን ተይ እልሻለሁ! ከዳነ ይሄዳል።»

«ታዲያ ታሞ እንዲቀመጥልኝ ነው የምትፈልገው?» አለችኝ እህቴ፣ ቅቤውን በመዳፎቿ መሃል እያሞቀች።

የምንጨቃጨቅበት ሰው ሸሚዙን አውልቆ በመሃላችን በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሜክሲኳዊ ነው፤ አማርኛ አይሰማም። ድምፃችን ከፍ ባለ ቁጥር፣ የምናሞግሰው ይመስል፣ ፈገግ ይላል። ኦ ቪቭ በሚባል የፈረንጅ አገር የሐይቅ ዳር ሰፈር፣ እህቴ በምትሠራበት የዲፕሎማት ቤት፣ ከጣሪያው ሥር ባለችው የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ነበርን። በጠባቧ መስኮት የሐይቁ ነፋስና የትራም ደወል ይገባል።

ዛሬም የሞቀ ቅቤ ሲሸተኝ አፌን ይመረኛል።

ሰውየው በአገሩ በቤዝቦል እንጀራውን የሚበላ ኳስ ወርዋሪ ነበር። ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ሲዞር፣ ሕዝብ ስሙን እየጠራ ሲጮህ ኖሮ፣ አንድ ቀን ትከሻው ከዳው። ክለቡም አሰናበተው። ዙሪክ የመጣው ለጨዋታው ፍቅር ብቻ የሚጫወቱ ሰዎችን ሊያሠለጥን ነው፤ በሥራ ቀን ከከተማው ዳር ዲቤንዶርፍ ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። እህቴ ያገኘችው ጌቶቿ ባደረጉት ግብዣ ላይ ነው። ብርጭቆ በግራ እጁ ሲያነሳ አይታ፣ በዚያ በማድ ቤት ፈረንሳይኛዋ «ቀኝህን ምን ነካው?» አለችው። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ በባቡር መምጣት ጀመረ፤ ግጥም እንደምጽፍ ሰምቶ እኔን «ገጣሚው» ይለኝ ነበር። ሊያገባት ቃል ገባ፤ እሷም ዙሪክ ሥራ ማጠያየቅ ያዘች።

አባታችን ደሴ ውስጥ የታወቀ ወጌሻ ነበር። እጁን የወረሰችው እሷ ናት።

«የአባቴ ልጅ ነኝ» አለችኝ የዚያን ዕለት። «የታመመ ትከሻ ይዞ የመጣን ሰው፣ ይዘኸው ኑር አልለውም።»

«አባታችን ያሻቸውን በሽተኞች ሁሉ ላግባ አላለማ፣ እትዬ!»

ሳቋ አመለጣት። ቅቤ በነካው እጇ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ።

ብርዱ ሲያልፍ ዙሪክ ሄደን ሲወረውር አየነው። እግሩን አነሳ፣ ገላውን ጠመዘዘ፤ ኳሷ በተቀባዩ ጓንት ውስጥ እንደ ጅራፍ ጮኸች። እህቴ እልል አለች። ፈረንጆቹ ዞረው አዩዋት። እሱ ግን ወደ እኛ አላየም፤ የገዛ እጁን ነበር የሚያየው። እሷም ይህን አየች መሰለኝ፣ እልልታዋ መሃል ላይ ተቋረጠ።

የድሮ ክለቡ ጠራው። «አንድ ዓመት ብቻ» አላት ሊሰናበት ሲመጣ። ኋላ ከአገሩ ሰዎች እንደሰማሁት፣ ጥቂት ዓመት ተጫውቶ እዚያው ሚስት አግብቶ ቀረ። ክንድህን ማን አዳነልህ ሲሉት «አምላክ» ይላል አሉ። አምላክማ ያውቃል።

በዚያች የስንብት እሁድ ግን እህቴ አላለቀሰችም፤ አልለመነችውምም። ክንዱን በካፖርቱ ላይ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሳችው፤ አዞረችው፤ መጋጠሚያው ድምፅ እንዳለው ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች።

«ብርድ እንዳይመታው» አለች። ፈረንሳይኛው ጠፍቶባት በአማርኛ ነበር።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለች፣ ገጣሚው?»

«ሂድ አለችህ» አልኩት።

ወደ እሷ አየ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ እጆቿን በሽርጧ ትጠርጋለች። ሻንጣውን አነሳና ወጣ። በሩ ተዘጋ።